«እሺ፣ ኮች» ያልኩበት ቀን

በጡረታ የተሸኘሁ ዕለት ተማሪዎቼ ወፍራም የክረምት ካፖርት ሸለሙኝ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ያውም ሰው በቁምጣ በሚሄድበት ወር! ባለቤቴ ካፖርቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «አሁን ይኼን የት ልትለብሰው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ካፖርት የምለብሰው ሥራ ስገባ ነበር፤ ስወጣ አወልቃለሁ። የእኔ ክረምት ጣሪያ ሥር ነበር፣ በጋዬ ደግሞ ደጅ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ።

ሰው «ምን ሠርተህ ነው ጡረታ የወጣኸው?» ሲለኝ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የበረዶ ሆኪ አሠልጣኝ ነበርኩ» እላለሁ። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዲት እናት ይህን ሰምተው «ውይ የእኔ ልጅ፣ በረዶ እየሸጥክ ነው ልጆችህን ያሳደግከው?» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ ስለጣፈጠኝ አላረምኳቸውም። ለማያውቅ ሰው ግን ጨዋታው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ከነበረኛው ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፋል። ከሥሩ ብረት ያለው ጫማ አድርገው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ በቆልማማ ዱላ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ እየለጉ ጎል ያስገባሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው «እነዚህ ሰዎች የገና ጨዋታ የሚጫወቱት ሜዳቸው ላይ ውሃ ፈስሶባቸው ነው እንዴ?» ብያለሁ።

ሎስ አንጀለስ የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በሱዳን በኩል ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነበርኩ። እዚህ መጥቼ ግን እንደ ብዙዎቻችን ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ሳቆም ሰነበትኩ። ከደንበኞቹ አንዱ የበረዶ መጫወቻ አዳራሽ ኃላፊ ነበር። አንድ ቀን ቁልፉን ሲሰጠኝ «ማቀዝቀዣው እንደገና ተበላሽቶብኝ ልቀልጥ ነው» ብሎ አማረረ። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ጠየቅኩት። ሲነግረኝ በሽታውን አወቅኩት። በሳምንቱ እዚያው ተቀጠርኩ። ስለ ደሞዙ ባላወራ ይሻላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴም ዓመታት ፈጅቶ መጣ፣ እሱም ይቅር።

ሥራዬ በረዶ መሥራት ሆነ። በረዶ በሙቅ ውሃ እንደሚሠራ ስናገር ሰው የማሾፍ ይመስለዋል። ቀዝቃዛ ውሃ በውስጡ አየር ስላለ ሲረጋ ይደፈርሳል፣ ይሰባበራል። ሙቁ ግን ጥርት ብሎ፣ ከሥር ካለው ጋር ተዋዶ ይረጋል። ስስ አድርጎ ማፍሰስ፣ መጠበቅ፣ ደግሞ ማፍሰስ ነው። የሚቸኩል ሰው በረዶ አይሠራም። መንሸራተት የተማርኩትም እዚያው፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ግድግዳ ተደግፌ ስውተረተር እዚያ ሆኪ የሚለማመዱት የዩኒቨርሲቲ ልጆች በሣቅ ይሞታሉ፣ ከዚያ ሁለቱ መጥተው በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው ያዞሩኛል። ዘፍ ብዬ የወደቅኩበትን ብዛት ዳሌዬ ዛሬም ያስታውሰዋል።

የልጆቹን አሠልጣኝ፣ ኮች ዱጋንን፣ ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ካናዳዊ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ተጫውተው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ወደ አሠልጣኝነት የገቡ። ያኔ ስድሳዎቹን ጋምሰዋል። ልምምድ የሚጀመረው ገና ጎህ ሲቀድ ነበር፣ አዳራሹ ሌላ ሰዓት ላይ ለልጆች ልደትና ለዳንስ ስለሚከራይ። እሳቸው ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። ጓንታቸውን አውልቀው ይንበረከኩና መዳፋቸውን በረዶው ላይ ያሳርፋሉ። «ዛሬ ጠንካራ ነው» ወይም «ዛሬ ለስላሳ ነው» ይላሉ። ከዚያ ብርቱካን ይልጣሉ። ልጆቹ ሲገቡ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አይናገሩም፤ ዝም ብለው ያያሉ። የሚጽፉት በእርሳስ ነበር፣ እስክሪብቶ ብርዱን አይችለውም። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ልጆቹ ኮች ሲያንሾካሹኩ ነበር የሚፈሩት።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ልምምዱ ሲያልቅ ያገኙትን ሁሉ «ምን አየህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተጫዋቹን፣ በረኛውን፣ ወለል የሚጠርገውን ሰው፣ እኔን። የጠራጊውን መልስ እንኳ በእርሳስ ሲጽፉ አይቻለሁ። እኔ ግን «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ኮች» እላለሁ። በየቀኑ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው። አባቴ የሚሆን ሰው፣ ያውም አስተማሪዬ፣ «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ይባላል እንዴ? እኛ ቤት ትልቅ ሰው የተሳሳተ መንገድ ቢመራህ፣ ተከትለህ ሄደህ ስትመለስ ነው «ምናልባት በዚያ ቢሆን ኖሮ» የምትለው።

ጫማ መሞረድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጫማው ብረት እንደ ቢላዋ አንድ ስለት የለውም፤ ሁለት ጠርዝ ነው ያለው፣ መሐሉ እንደ ቦይ የተቦረቦረ። ቦዩን የሚያወጣው የሚሽከረከረው ድንጋይ ነው። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ጠርዞቹ በረዶውን ይነክሳሉ፣ ለጠንካራ በረዶ ጥሩ ነው። በረዶው ሲለሰልስ ግን ጥልቅ ቦይ ጠላት ነው። ብረቱ ይሰምጣል፣ እግር ይከብዳል፣ ሲዞሩ ይይዛል። ያን ጊዜ ጥልቀቱን ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል። ኮች አውራ ጣታቸውን ያነሱና ጥፍራቸውን በጠርዙ ላይ አለፍ ያደርጉታል። ነጭ ዱቄት ከተፋቀ በቃ፣ ተሠርቷል። ብረቱን ሳትጫን፣ በራሱ ክብደት ድንጋዩ ላይ እንድታስኬደው ለማስተማር እጄን ይዘው አንድ ወር ሠርተዋል። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ የቡድኑን ጫማ በሙሉ ለእኔ ተዉልኝ፤ በዚያ ቀን የተሰማኝን ኩራት ዲግሪ ያገኘ ልጅ አባት ያውቀዋል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ነገር አየሁ። ኮች መዳፋቸውን በረዶው ላይ ከወትሮው የበለጠ ያቆያሉ። ደግሞ የሚሉት ከበረዶው ጋር አይገጥምም። እኔ በረዶውን ሠርቼዋለሁ፣ ለስላሳ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸው «ጠንካራ ነው» ይላሉ። አንድ ጠዋት ብርቱካኑን ሲልጡ ቢላዋው ጣታቸውን ቆረጣቸው፤ ደሙን ያዩት እኔ ወረቀት ሳቀብላቸው ነው። እጃቸው ደንዝዟል። ለማንም አልተናገርኩም። የሰው ገመና ነው አልኩ።

በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ደረስን፤ ጨዋታው በእኛው አዳራሽ ነበር። አምበላችን ዳኒ ይባላል፣ ተከላካይ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ቀልደኛ ነው፤ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ካዞሩኝ ልጆች አንዱ እሱ ነበር። የዋንጫው ዕለት ጠዋት ከበረሃው በኩል ያ ትኩስ ነፋስ ተነሣ። የማያውቀው ሰው ቢኖር፣ ቀኑን ሙሉ የምድጃ በር ተከፍቶብህ እንደመቆም ነው። ማቀዝቀዣው ያቃስታል። ሰዉ ደግሞ ሲጎርፍ በሩ አይዘጋም። በረዶው ላይ ስስ የውሃ ላብ አየሁ።

ኮች መጡ፣ ተንበረከኩ፣ መዳፋቸውን አሳረፉ። «ጠንካራ ነው» አሉ። «ጥልቅ አድርገህ ሞርደው። ዛሬ እንዲነክስ እፈልጋለሁ።» ተጫዋቾቹ በሙሉ ዙሪያውን ቆመዋል።

አውቅ ነበር። ከእሳቸው ይልቅ እኔ አውቅ ነበር፣ በረዶው የእኔ ነው። «እጅዎ ዋሽቶዎታል» ልበላቸው? በሃያ ልጆች ፊት? በሕይወታቸው ትልቁ ቀን? ምላሴ አፌ ውስጥ ተገለባበጠና የለመደውን አለ፦ «እሺ፣ ኮች።»

የሃያ ሰው ጫማ ሞረድኩ። በደንብ ሞረድኩት፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት እንደዚያ አሳምሬ ሞርጄ አላውቅም። ለእያንዳንዱም ፈገግ ብዬ በእጁ ሰጠሁት።

ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ እስከ ሁለተኛው እኩል ነበርን። ከዚያ የልጆቻችን እግር ዛለ። ሌሎቹ ይንሸራተታሉ፣ የእኛዎቹ ያርሳሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የእነሱ አጥቂ ጎማውን ይዞ መጣ። ዳኒ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ጠበቀው። ሊዞር ሲል የግራ እግሩ በረዶው ውስጥ ተነክሶ ቀረና በጎኑ ወደቀ። አጥቂው አልፎት ሄደ፣ አገባ። ተሸነፍን።

ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ቆሜ ነበር። ዳኒ ተነሥቶ ለጓደኞቹ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አላቸው። ሁሉም «አይ፣ አይደለም» አሉት፣ ግን እንደሚባለው ለአፍ ያህል። እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ። ጫማውን ጠቅልሎ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ አዳራሹን አልረገጠም። ፈተናውን ጨርሶ፣ ምረቃውን እንኳ ሳይጠብቅ፣ አላስካ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ገባ ሲባል ሰማሁ። እስኪሄድ ሁለት ወር ሙሉ፣ በእግሬ ደርሼ ልነግረው ስችል፣ ሳልነግረው ቀረሁ።

ያን ሰሞን ምግብ አይበላልኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ጋሼ ተሰማ ሱቅ ሄድኩ። ያኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል ታፔላ የለም፣ ያለን የእሳቸው ጠባብ ሱቅና አንድ ሁለት ምግብ ቤት ነው። ጋሼ ተሰማ ታክሲ ነድተው ባጠራቀሙት ነው ሱቁን የከፈቱት፤ በእኔ ሥራ መቀለድ የዘወትር ልማዳቸው ነበር።

«እሺ፣ የበረዶው ሹም! ፊትህ ምነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በርበሬውን እየመዘኑ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሶ፣ ሰውዬው ሚስቴክ አደረገ፣ አንተ አየህ፣ ዝም አልክ። ኦኬ። ልጁ ደግሞ ብሌም ተደረገ።»

«ራሱን ነው ብሌም ያደረገው፣ ጋሼ።»

«ይኼማ ይብሳል። አንተ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለሰውዬው ንገረው።»

«እንዴት አድርጌ፣ ጋሼ? ትልቅ ሰው ናቸው። እርስዎን ‘ሚዛንዎ ተሳስቷል’ ብልዎት ደስ ይልዎታል?»

«ሚዛኔ አይሳሳትም!» ብለው በርበሬውን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረጉት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንተ የፍቼ ልጅ አይደለህም? ገና ተጫውተህ የለ?» አሉኝ።

«ተጫውቻለሁ።»

«ባላባቱ ሜዳ ሲገባ ምን ተብሎ ይዘፈናል?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

«እና? ያ ሰውዬ የሚያጫውታችሁ ምንድን ነው? ገና አይደለም? ቅልጥሙን በዱላ የተመታ ጌታ ካልተቆጣ፣ ‘ኮች፣ ተሳስተዋል’ የተባለው ይቆጣል? ደግሞስ ይቆጣ! ፋየር ካደረገህ እኔ ጋ መጥተህ ሼልፍ ታደራጃለህ።»

ያን ጨዋታ ልጅ ሆኜ ስጫወት የሰፈራችንን ጭቃ ሹም ቁርጭምጭሚት መትቼ አውቃለሁ። እያነከሱ ሣቁ እንጂ አልቆጡም፤ በማግስቱ ግን በመንገድ ሲያልፉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ነው እጅ የነሣኋቸው። ሜዳ ሌላ፣ መንገድ ሌላ። ይህን እያወቅኩ አሜሪካ መጥቼ ሜዳውን መንገድ አድርጌው ኖሬአለሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ኮችን ብርቱካን ሲልጡ አገኘኋቸው። «ኮች፣ በዋንጫው ቀን በረዶው ለስላሳ ነበር። ያውቁ ዘንድ መናገር ነበረብኝ። ዳኒን የጣለው ስለቱ ነው። እጅዎ... እጅዎ ብርዱን አይሰማም።»

መላጡን አቆሙ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አሉ። ድምፃቸው ቀንሷል። ተቆጥተዋል ማለት ነው።

«ወራት ሆኖኛል።»

«በየቀኑ ‘ምን አየህ?’ እያልኩ እጠይቅህ ነበር።»

«አዎ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ‘ጥሩ ነው’ አልከኝ። እጄስ አርጅቶ ነው የዋሸኝ። አንተ ግን ደህና ነህ!»

እንባዬ መጣ፤ እንዳያዩት በረዶ ማለስለሻ መኪናዬ ላይ ወጥቼ አዳራሹን ዞርኩ። ስመለስ እዚያው ቆመው ነበር። «ልጁን ፈልገን እንነግረዋለን። ሁለታችንም» አሉኝ። «ከነገ ጀምሮ ደግሞ በረዶው ላይ መዳፍህን አንተ ታስቀምጣለህ። ስታስቀምጥ እኔ አጠገብህ ነኝ። ካየህ ትናገራለህ፤ ከተናገርክ እሰማለሁ። ዝም ካልክ ግን ውጣልኝ።»

ለዳኒ ጻፍን። በአባቱ አድራሻ የላክነው ደብዳቤ ተመልሶ መጣ፤ ሰውየው ቤት ቀይረዋል። አባቱ ዓሣ የሚያጠምዱበት ሳን ፔድሮ ወደብ ድረስ ሄደን ጠየቅን፣ ወሬውን የሚያውቅ ጠፋ። ሌላው ነገር ሁሉ ሲሳካልኝ ይህቺ እሾህ እግሬ ውስጥ ቀረች።

ሌላው ግን በእውነት ተሳካ። በሚቀጥለው ዓመት ኮች ምክትላቸው አደረጉኝ። አንድ ከባድ ጨዋታ ላይ የደከሙትን አጥቂዎች እንደገና ሊያስገቡ ሲሉ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሁሉም ፊት «አይሆንም፣ ኮች!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር መሰል፣ ወንበሩ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ዞሩ። ኮች አዩኝ። «እሺ፣ አየለ» አሉና ሌሎቹን አስገቡ። እነዚያ ጎል አገቡልን፣ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰድን። ማታ ለሚስቴ ስነግራት ዋንጫውን ትታ «ጮህክባቸው?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኮች ጡረታ ወጡና ቡድኑን ለእኔ ተዉልኝ። ዩኒቨርሲቲው ማቅማማቱ አልቀረም፤ በሠላሳ አራት ዓመቱ በረዶ ላይ ቆሞ መሄድ የተማረ ኢትዮጵያዊ ለሆኪ? ኮች ቢሮ ገብተው ምን እንዳሉ አላውቅም፣ ሲወጡ ግን ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያነሣናቸውን ዋንጫዎች ቁምሣጥኑ ይመስክር። ተጫዋቾቼ እኔን መንቀፍ ግዴታቸው ነበር፤ ዝም ያለ ልጅ አላሰለፍኩም። አንዳንዶቹ መብቱን ከሚገባው በላይ ወደዱት።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ አንድ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ጫማ እየሞረድኩ ቀና ስል፣ ጢሙን ያሳደገ ግዙፍ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ጫማ በትከሻው አንጠልጥሏል። በጢሙ ውስጥ ሲሥቅ አወቅኩት።

«ዳኒ!»

ተቃቀፍን። መርከቡን ትቶ ተመልሷል፣ ሳን ፔድሮ ወደብ ሥራ ይዟል፣ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ሊጫወት አስቧል። «ከዚያ ቀን ወዲህ በረዶ ረግጬ አላውቅም። ያውም አላስካ ተቀምጬ!» አለና ሣቀ። እኔ አልሣቅኩም። ድንጋዩን አጠፋሁት።

ሁሉንም ነገርኩት። የኮችን እጅ፣ የበረዶውን ላብ፣ «እሺ፣ ኮች» ማለቴን፣ ደብዳቤውን፣ ወደቡን። «አንተ አልወደቅክም፣ እኔ ነኝ የጣልኩህ። ይኼን ሁሉ ዓመት የእኔን ጥፋት ተሸከምክ» አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ዳኒ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አውቄ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስለቱን። ስናሟሙቅ ገና ሁለት ዙር ሳልዞር እግሬ ነገረኝ። ጥልቅ ነበር። መጥቼ ‘ቀንስልኝ’ ብልህ ሦስት ደቂቃ አይፈጅብህም ነበር።»

«ታዲያ ምነው?»

«ጫማውን ስትሰጠኝ ፊትህን አላየኸውም። ከጠዋት ጀምረህ የሃያ ሰው ጫማ ብቻህን ሞርደህ፣ እንዲያ ደስ ብሎህ! በልጆቹ ሁሉ ፊት ‘አበላሽተኸዋል’ ልበልህ? አልቻልኩም።» መሬት መሬት አየ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ያልኩት ስለወደቅኩ መስሎህ ነው? እያወቅኩ ዝም ስላልኩ ነው።»

ይሉኝታን እኔ ብቻ በሱዳን በኩል ተሸክሜው የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሳን ፔድሮ ዓሣ አጥማጅ ልጅም አለው። መጀመሪያ እኔ ሣቅኩ፣ ከዚያ እሱ፤ ሣቃችን አላቆም ብሎ ዓይናችንን ጠረግን። ደረቴ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ነገር በዚያ ሣቅ ወረደ።

ጫማውን ከትከሻው አወረድኩና ድንጋዩን መልሼ አስነሣሁ።

«ጥልቀቱን ምን ያህል ላድርገው?» አልኩት።

በዚህኛው ጊዜ ግን ነገረኝ።